በእናታችን ምሰሶ የቆመችው መኪና

ውድ እህቴ፣

ከዚህ ከጨለማና ከውርጭ አገር ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያሠቃይሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እናንተ ዘንድ፣ ደቡብ ባለችው ቱርኩ ከተማ፣ በጥር ወር ዝናብ ይዘንባል አሉ፤ ጉድ ነው። እኔ ብርዱን ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፀሐይ ብቅ ማለት ጀምራለች፣ ግን እንደ ቸኮለ እንግዳ ሳትቀመጥ ትሄዳለች።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። በስልክ ደጋግመሽ ስትጠይቂኝ ወሬ እያስለወጥኩ አልፌሻለሁ። «አባባ የሚሠራውን ያውቃል ወይስ አያውቅም? አንድ ቃል ንገሪኝ» ነው ያልሽው። ቤትሽ አጠገብ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል እንደተለቀቀና እስከ የካቲት መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቁሽ ገብቶኛል። «ያውቃል» ካልኩሽ ሰውየው እዚሁ ሶዳንኪላ በገዛ አልጋው ይተኛል፤ «አያውቅም» ካልኩሽ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ። አንዲት ቃል እንዲህ ከብዳኝ አታውቅም። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ አንቺ ሰው ሳይጨርስ መልስ ትሰጫለሽ። አትቆጪ፣ ራስሽም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ፤ በወረቀት አታቋርጪኝም።

ነገሩ ሁሉ ያለው በረዶው ላይ ነው። አባባ እንደሆነ አይናገር፤ ሲቆጣም ሲደሰትም ያው «እህ» ነው። እኔ ግን ከሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለምኖር በየማለዳው ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ቆሜ ሆዱን አነባለሁ። የመኪናውን በረዶ የሚፍቅበት ድምፅ ይበቃኛል። ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ ካደረ ረጅም ረጅሙን ነው የሚስበው። ወገቡን ካመመው አጠር አጠር ያደርገዋል። እናታችን በሞተች ሰሞን አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይፍቅ ነበር፤ ጠርቶ ያለቀለትን መስታወት። ያኔ ወርጄ «በቃ አባባ፣ ግባ» እለው ነበር፤ እሱም ይገባል።

መንጃ ፈቃዱን በመከር መልሷል። ማንም አላስገደደውም፤ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ራሱ ሄዶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ በረዶ የሚጠርግ ትልቅ መኪና የነዳ ሰው፣ እስከ ሮቫኒዬሚ ያለውን መንገድ መታጠፊያ በመታጠፊያ የሚያውቅ ሰው! መኪናውን ግን አልሸጣትም። ማታ፣ ሞተሯ በውርጭ እንዳይያዝ፣ ገመዷን ኤሌክትሪክ ያለው ማሞቂያ ምሰሶ ላይ ይሰካል። ማለዳ ይወርዳል፣ አመዳዩን በብሩሽ ያራግፋል፣ መስታወቱን ዙሪያውን ይፍቃል፣ መብራቱንና ታርጋውን ይጠርጋል፣ ሞተሯን አስነሥቶ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ አጥፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይገባል። የትም አይሄድባትም።

ኦይቫን ታስታውሺዋለሽ፤ ያ ከአባባ ጋር በፈረቃ ይሠራ የነበረው ምላሰኛ። አሁን እሱም ጡረታ ወጥቶ ማዶ ካለው ሕንጻ ነው የሚኖረው፤ ሥራው ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሰው መተረብ ነው። «ኤንሲዮ! በላፕላንድ አንደኛዋ ንጹሕ መኪና ያንተ ናት፤ ምን ያደርጋል፣ ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ አረጀች!» ይለዋል። አንድ ቀን አባባ ቀና ብሎ «መንገዱን ላንተ ትቼልሃለሁ። አንተ እየነዳህ ሌላ ሰው መንገድ ላይ ምን ይሠራል፣ ሊሞት?» አለው። በዕድሜው የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይመስለኛል። ኦይቫ ደስታውን አልቻለውም።

እናንተ ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች ረስታችሁት ይሆናል እንጂ በረዶ መፋቅ የራሱ ጣዕም አለው። በብርቱ ውርጭ የሚመጣው ደረቁ አመዳይ ብሩሽ ሲነካው እንደ ዱቄት ይበናል፤ እሱ ጨዋታ ነው። ክፉው፣ ለብ ብሎ ዘንቦ ሲመሽ የሚጋገረው ነው። ያ እንደ ጠርሙስ ተለጥፎ ትከሻ ያወልቃል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በረዶው ሌሊቱን መስታወቱ ላይ ቅጠልና አበባ ሲስል ያድርና ልትፍቂው ታዝኚያለሽ፤ ግን ሥራ ይረፍዳል፣ ትፍቂዋለሽ። መፋቂያው ሲይዝ ተጠቅልሎ የሚነሣውን ስስ ልጥ እወደዋለሁ። ቡጢ የምታህለው የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ስትከፈት የግቢው መብራት በሷ ሲገባም እወዳለሁ። ሰው ለሰው አፉን አይከፍትም፤ መፋቂያውን ከፍ ያደርጋል፣ ሰላምታው ያ ነው። በሩ ተጣብቆ እንቢ ሲል በጋቢናው በኩል ገብተሽ ማርሹን ተሻግረሽ ትንፏቀቂያለሽ። ትልቋ ሞኝነት ደግሞ መፋቂያውን እመኪናው ውስጥ ትቶ ማደር ነው፤ በረዶው በሩን ይዞ፣ በሩ መፋቂያውን ይዞ፣ አንቺ ውጪ ቆመሽ ትሳደቢያለሽ።

በቅርቡ ከደቡብ የመጣ ወጣት መምህር የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አምጥቶ መስታወቱ ላይ ቢደፋው ጣ! ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ኦይቫ ከላይ ሆኖ «ሻይ ቅጠሉን ረሳኸው እኮ!» ብሎ ጮኸበት። እኔም ሳቅሁ። ዘንድሮ ብዙ አልሳቅሁምና አስታውሰዋለሁ።

የአባባን ሕግ መቼም አንቺ አትረሺውም። ቀዳዳ ፈልፍሎ መንዳት የለም፤ «አጮልቆ የሚያይ ሌባ ነው» ይላል። መፋቂያ መስታወት እንጂ ቀለም አይነካም። ያ የናስ ስለት ያለው፣ እጀታውን ራሱ ከበርች እንጨት የጠረበው መፋቂያ ዛሬም በእጁ ነው። በኛ መደብር የምንሸጠውን ፕላስቲክ «ቅቤ መቀቢያ» እያለ ያንቋሽሽብኛል። ልጅ ሳለሽ በናሱ የመኪናውን በር አመዳይ ልትፍቂ ስትዪ እጅሽን ቀብ አድርጎ ይዞ «ቀለም ቆዳ ነው!» ያለሽ ትዝ ይለኛል፤ ቀኑን ሙሉ አለቀስሽ። እሱም ጭንቅ ብሎት ማታ በጓሮ መዳፍሽን ሲያሻሽ አይቻለሁ።

የገመዱ ሕግ ግን ባንቺ ምክንያት የወጣ ነው። ገመዱን ከምሰሶው ሳትነቅዪ ተነሥተሽ፣ በጥሰሽው፣ ጅራት እያስጎተትሽ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሄድሽ ዕለት! ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ! አባባ አልተቆጣም። የተበጠሰውን ገመድ መግቢያው በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ዛሬም እዚያው ተንጠልጥሏል። ካንቺ ወዲህ ከዚህ ግቢ መኪና ሲነሣ ካየ፣ የማንም ይሁን የማን፣ «ገመድ!» ሳይል አይለቅም።

ከሁሉ በፊት ግን የእናታችን መኪና ነበረች። እናታችን ካይሱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዕድሜዋ አንድ ቀን በረዶ ፍቃ አታውቅም። ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት በጨለማ ነው የምትሄደው፤ እሱ ቀድሟት ይወርድና ቀይዋን መኪና ይፍቅላታል፣ ያሞቅላታል፣ ስትመጣ በሩን ይከፍትላታል። የራሱን የሚፍቀው ከዚያ በኋላ ነው። እሱንም ጨርሶ ወደ ላይ ይመለስና እኛን ይቀሰቅሰናል፤ እጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ግንባራችን ላይ ሲያሳርፈው እንጮህ ነበር። ሁለቱ ፍቅራቸውን በሌላ መንገድ ሲገልጹ እኔ አይቼ አላውቅም። አንቺስ አይተሻል? ከቀብሩ በኋላ ቀይዋን መኪና ለአንድ የኪቲላ ከተማ ሰው ሸጥናት። ምሰሶዋ ከአባባ ምሰሶ ጎን ባዶውን ቀረ።

በመከር ወራት ራይሊ የምትባል ሴት እኛ ሕንጻ ውስጥ ገባች። ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የእናታችንን ምሰሶ ለሷ ሰጧት። መኪናዋ ሰማያዊ ናት። ይህን ልብ በዪልኝ።

ከገና ወዲህ ከባዱ ውርጭ መጣ። በዚህ ብርድ ቀይ የለ ሰማያዊ የለ፣ መኪና ሁሉ ነጭ ጉብታ ነው። አንድ ማለዳ በመስኮት ስመለከት አባባ የራይሊን መኪና ይፍቃል። ሳቄ መጣ። እኛ አገር ይህ ያልደረሰበት ሰው የለም፤ ወገብሽ እስኪቆረጥ ጠርገሽ ጠርገሽ፣ ቁልፉ አልገባም ሲልሽ የሰው መኪና መሆኑን ታውቂያለሽ። ኦይቫ ራሱ አንድ ጊዜ የቄሱን መኪና ከጣራ እስከ ጎማ ጠርጎ ሲጨርስ ቄሱ መጥተው «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» ብለውት ነድተዋት ሄደዋል።

በማግስቱም የራይሊን ፋቀ። ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። መጀመሪያ የሷን፣ ቀጥሎ የራሱን። ወሬ ለማኙ ግቢያችን ሲሳይ ወረደለት። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ!» ይጮኻል ኦይቫ ከሰገነቱ። «ኤንሲዮ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ? ሚዜ ከፈለግህ ኮት አለኝ!» አባባ ያው «እህ»። ራይሊም አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ ታመጣለታለች፣ እሱም ይበላል። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ቤቱን ሳጸዳለት «ለምንድን ነው የሷን አስቀድመህ የምትፍቀው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቀድማ ሥራ የምትገባው እሷ ናታ» አለኝ። ይህ የጤነኛ ሰው መልስ አይደለም? በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ ወስጄው ነርሷ ቀኑንና ወሩን ብትጠይቀው አንድም አልሳተም፤ እንዲያውም «አንቺስ መኪናሽን ሰክተሻታል?» ብሎ ጠየቃት። አልሰካችም ኖሮ ሮጣ ወጣች።

ያኔ ነው «ያውቃል፤ እንዲያውም ከሁለታችን ይበልጥ ያውቃል፣ አባትሽ ሚስት ሊያገባ ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር ያነሣሁት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው እህቴ።

ከዚያ ያ ማለዳ መጣ። አባባ የራይሊን መስታወት ፍቆ ጨረሰ። እንደ ልማዱ ወደ ራሱ መኪና ይሻገራል ስል አልተሻገረም። በናሱ መፋቂያ በሩን ይፍቅ ጀመር። ቀለሙን! ድምፁ ጥርስ ያጠርሳል፤ በተዘጋ መስኮት ሰማሁት። መዳፍ የሚያህል ቦታ ፋቀና ሰማያዊው ወጣ። ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። ዝቅ ብሎ ሰማያዊውን አየ። ጓንቱን አውልቆ በባዶ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ሄዶ የኋላውን በር ፋቀ፣ ኮፈኑን ፋቀ፤ እዚያም ሰማያዊ ሆነበት። ያቺ ቀይ መኪና ከበረዶው ሥር የት እንደገባችበት ነበር የሚፈልገው።

ኮቴን ሳልቆልፍ ሮጬ ወረድኩ። ስደርስ መፋቂያውን ኪሱ ከትቶ እጁን እያሻሸ ቆሟል። «ምን ሆንክ አባባ?» ስለው፣ «ዓይኔ ነው። ሞራው» አለኝ። እኔም አዎ፣ ሞራው ነው አልኩት። ክንዱን ይዤ አስገባሁት። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የምትለዋ ተረት ግን ከኋላዬ ደረጃውን አብራኝ ወጣች። ፈራሁ እህቴ። ቀለም ቆዳ ነው ያለ ሰው ነው።

ወደ ማታ ራይሊ ዘንድ ወረድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቃት፣ በሩን በኔ ወጪ ላስቀባላት። «ቀለም ነው፣ ተዪው» አለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ገና በመጀመሪያው ማለዳ ነው ያወቀችው። ስትወርድ በሩን ከፍቶላት ቆሟል፤ ልታመሰግነው ስትል «ካይሱ፣ ድልድዩ ላይ ቀስ በዪ፣ ያዳልጣል። ልጆቹን እኔ እቀሰቅሳቸዋለሁ» አላት። ካይሱ ማን እንደሆነች ባታውቅም ነገሩ ገብቷታል። «እሺ» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህንኑ ይላታል፣ እሷም እሺ እያለችው ትሄዳለች።

ተቆጣኋት። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጁ መሆኔን እያወቅሽ፣ ኦይቫ ሲቀልድ እየሰማሽ፣ እንዴት አትነግሪኝም አልኳት። ራይሊ አላኮረፈችም። «የኔ ባል አንድ ቀን በረዶዬን ፍቆልኝ አያውቅም» አለች። «ለካ ደስ ይላል። መጀመሪያ ዝም ያልኩት ለሱ ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ለራሴ ነው። እነግርሻለሁ እነግርሻለሁ እያልኩ፣ የነገርኩሽ ቀን መፋቁ እንደሚቀርብኝ እያሰብኩ ተውኩት። ይቅር በዪኝ።» እንዲህ ያለችሽን ሴት ምን ትያታለሽ? ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ በላሁ፣ ወጣሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ልለምንሽ ነው። ቱርኩ ያለውን ቤት በላክሽልኝ ፎቶ አይቼዋለሁ። ሞቃት ነው፣ ወለሉ ያበራል፣ ሠራተኞቹ ፊታቸው ደግ ነው። የመኪና ማቆሚያው ግን ምድር ቤት ነው። በረዶ የለበትም። አባባ ማለዳ ተነሥቶ ምን ይሠራል? እጁን የት ያደርገዋል? የሚሠራውን እንደሆነ ያውቀዋል፤ የጠፋበት ለማን እንደሚሠራው ነው። ራይሊ እንደሆነች ፈቅዳለች። ናሱን ደብቄ ቅቤ መቀቢያውን እሰጠዋለሁ፤ ይሰድበኛል፣ ይስደበኝ። ክፍሉን ለሌላ ይስጡት። በረዶው እስኪቀልጥ እዚሁ ይሁን፣ ያኔ እንነጋገራለን። ለኔም ብለሽ። እሱ ከሄደ እዚህ ግቢ ውስጥ መፋቂያዬን ከፍ የማደርግለት ሰው የለኝም።

እስከዚህ ጽፌ ነበር የተኛሁት።

አሁን ከሥራ ተመልሼ ነው የምቀጥልልሽ። ዛሬ መደብሩን የምከፍተው እኔ ስለነበርኩ ከወትሮው ቀደም ብዬ ወረድኩ። የኔ መኪና ከግቢው ጫፍ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ እንደምትቆም ታውቂያለሽ። አባባ የኔን ፍቆልኝ አያውቅም፤ «አንቺ እጅ አለሽ» ነው የሚለኝ። ዛሬ ስደርስ ተፍቃ አገኘኋት። ያውም እንዴት አድርጎ! የፊቱ መስታወት፣ የኋላው፣ ስፖኪዮዎቹ፣ መብራቶቹ፣ ታርጋዋ ሳይቀር። የዝናብ መጥረጊያዎቹን አንድ በአንድ አላቅቆ በጨርቅ አብሷቸዋል። ገመዱን በሥርዓት ጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ሰቅሎታል። እሱም አጠገቧ ቆሟል፤ ቅንድቡና ጺሙ አመዳይ ለብሷል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በልቤ፣ ይኸው፣ ይህን ለእህቴ እጽፍላታለሁ አልኩ።

ጠጋ ስል ኮፍያውን አወለቀ። በዚያ ብርድ ራሱን ገልጦ ትንሽ ጎንበስ አለና «እመቤቴ፣ መስታወትዎ ጠርቷል። ገመዱንም ነቅዬልዎታለሁ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል» አለኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

«ሩቅ ነው የሚሄዱት?»

ሩቅ አይደለም አልኩት።

«እንግዲያው በሰላም ይግቡ። እኔ ልሂድ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፣ ካልቀሰቀስኳቸው አይነሡም። በተለይ ትንሿ እንቅልፋም ናት» አለኝና ሳቀ። አባባ ሳቀ እህቴ፣ በድምፅ። ከዚያ ኮፍያውን ደፍቶ፣ በረዶውን በእግሩ እየሞከረ፣ ቀስ እያለ ወደ ደረጃው ሄደ።

መኪናው ውስጥ ገባሁ። መስታወቱ እንከን የለውም፤ እንደዚያ የጠራ መስታወት ዘንድሮ አላየሁም። መንገዱን ማየት ግን አቃተኝ። ከውስጥ በትንፋሼ እስኪያብር ድረስ ተቀምጬ፣ በእጅጌዬ ጠርጌ ሄድኩ። መደብሩን አርፍጄ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ መፋቂያ ፈልጎ ነበር የመጣው።

ስለዚህ ከላይ የለመንኩሽን ተዪው። ክፍሉን ያዢለት።

አንድ ነገር ብቻ እንቢ እንዳትዪኝ። በአውሮፕላን አትምጪ፤ በመኪናሽ ነይ። ሩቅ ነው፣ ጉልበትሽም እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ በመንገድ እያረፍሽ ነይ። ራይሊን ጠይቄያታለሁ፣ ለዚያች ሌሊት ምሰሶዋን ትለቅልሻለች። ማታ ድምፅ ሳታሰሚ ግቢና መኪናሽን እዚያ አቁሚያት፣ ሰኪያት፣ ምንም አታልብሻት። አመዳዩ እንደ ልቡ ይሥራባት። አንቺ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ። ማለዳ ቶሎ አትውረጂ። መስኮቴ ላይ ከኔ ጋር ቁሚና ፍቆ እስኪጨርስ እዪው፤ ድምፁንም ስሚው፣ ቱርኩ ሄደሽ የማትሰሚው ድምፅ ነው። ሲጨርስ ውረጂ። በሩን ከፍቶልሽ ታገኚዋለሽ። «ካይሱ» ካለሽ፣ እንዳታለቅሺ፣ «እሺ» በዪው። ቀስ በዪ ካለሽም እሺ በዪው። ከዚያ ጋቢና እንዲገባ ለምኚው፤ ካይሱ አብረኸኝ ሂድ ካለችው እንቢ የሚል አይመስለኝም። ልጆቹን ማን ይቀሰቅሳቸዋል ብሎ ከጠየቀሽ፣ ትንሿ ተነሥታለች በዪው። የናሱን መፋቂያ ኪሱ ውስጥ ተዪለት። እዚያ የሚፋቅ ነገር ባይኖርም ይያዘው።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ መንገድ ላይ ከሚተኛው አጋዘንና ከማይታየው በረዶ ይጠብቅሽ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም ሳሚያቸው፤ አያታቸው መጥቶ በየማለዳው ስማቸውን ቢጠይቃቸው በየማለዳው ይንገሩት።

ስትነሡ ደግሞ ስለ ገመዱ አታስቢ። አንቺ እንደሆንሽ መርሳትሽ አይቀርም። እኔ ወርጄ እነቅለዋለሁ።

እንቅልፋሟ
ታናሽ እህትሽ